ለላም ያልተፈቀደ ውሃ

ረቡዕ፣ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዳዋ ወንዝ ዳር

ዛሬ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ እርሻዬ ድረስ መጣ። በፓምፕ ከወንዙ የምስበው ውሃ ለሽንኩርቴ ብቻ የተፈቀደ ነው። እሱ ሲደርስ የከብት አርቢው ጃርሶ ላሞች ከቦዬ እየጠጡ ነበር።

«አባባ፣ ፈቃድዎ የመስኖ እንጂ የከብት አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ላም ስትመጣ መታወቂያ ልጠይቃት?»

አልሳቀም። «ወንዙ ወርደው ይጠጡ» አለ።

«ድርቅ ያደከማት ላም ያን ገደል ከወረደች አትወጣም» አልኩት።

«ይገባኛል፤ ግን ደንብ ነው።»

ከገባው ምን ያደርቀኛል! ነገ በጠዋት ተመልሶ ከብት ካየ ፈቃዴን እንደሚሰርዝ አስጠነቀቀኝ። ሽንኩርቱ ገና ራስ መቋጠሩ ነው፤ አሁን ውሃ ከተቋረጠበት አለቀለት።

ሰውየው እንደሄደ ጃርሶ ላሞቹን መንዳት ጀመረ። «ናጋቲ አባባ፣ ደህና ይሁኑ፤ በእኛ ምክንያት እርሻዎ አይጥፋ» አለኝ።

ይሄ ደግሞ ከባለሙያው የባሰ አናደደኝ። የጠማው ከብት ከውሃ እንደማይመለስ ያስተማረኝ የገዛ አባቱ ነው። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ በሬዎቼን ከራሱ ከብቶች አስቀድሞ አጠጥቶልኛል።

«ማን ሂድ አለህ? መልሳቸው!» ብዬ ጮህኩበት። መለሳቸው።

እኔ ደንብ አፍራሽ አይደለሁም። ሌላው በስውር ሲስብ ተመላልሼ ፈቃድ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ግን ላም አላባርርም።

ነገ ባለሙያው በጠዋት ይመጣል፤ ላሞቹም የሚመጡት በጠዋት ነው። ዛሬ ሳይመሽ ሽንኩርቱን ከወትሮው አብልጬ አጠጣሁት። ፈቃዱ ቢሰረዝም ምናልባት ጥቂት ቀን ይቋቋም ይሆናል...