በሳሌም ማዳመጫ ላይ ስለተቀባው የንብረት ቁጥር

ዓርብ፣ መስከረም 23 ቀን
ፍኖተ ሰላም

ለዋርካ ማዶ የእርሻ ልማት ድርጅት የግዥና ንብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ቢሆነኝ ያረጋል
ቡሬ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ በተለይም የጆሮዎን። በዚህ ወራት ጉንፋን ያልጎበኘው ጆሮ ጥቂት ነውና የአምስቱም የኮሚቴ አባላት አሥሩም ጆሮዎች በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከመናኸሪያው በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ፣ ትምህርቴንም ከአስተማሪ ሳይሆን ከተበላሸ ዕቃ የቀሰምኩ ሰው ነኝ። የድርጅትዎን ትንሽ አውሮፕላን የምታበርረው ሳሌም የእህቴ ልጅ ናት። በአደባባይ መጻፌን እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ፤ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ በመዝገብ ቤት በክብር ስለተቀመጡ፣ ይኸኛው እንኳ የመክፈት ድካም እንዳይኖርበት ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ስንዴውን ዋግ ሲመታው ሳሌም ከማሳው በላይ ሦስት አራት ሜትር ብቻ ከፍ ብላ እየበረረች መድኃኒት ትረጫለች። በዚያች አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ ወፍጮ ቤት ገብቶ ከሞተሩ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ስለዚህ አብራሪዋ በሁለቱም ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ታደርጋለች፤ ማዳመጫው ጩኸቱን እያጠፋ የሬዲዮውን ድምፅ ያሰማታል። መሬት ላይ ደግሞ አለበል የሚባል ጎበዝ ከኩይሳ ላይ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ፣ በማሳው ውስጥ ሰው እንዳለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የት እንደቀረበ ይነግራታል። እሷ በዓይኗ የምታየው ከፊቷ ያለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን የምታየው በጆሮዋ ነው።

ሰኞ ጠዋት ተራው የሰባተኛው ማሳ ነው። በሰባተኛው ማሳ መካከል ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ጉም ስለሚተኛ፣ ምሰሶው ይታያል እንጂ ሽቦው አይታይም።

ከሰኞ በፊት እንግዲህ የኮሚቴውን መልካም ሥራዎች በቁጥር አስቀምጬ ማመስገን ይገባኛል።

፩. ስለ ምርጫው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ሳሌም ከበረራ አስተማሪዋ ተውሳ አራት ሰዓት አየር ላይ የሞከረችውን፣ ቀላል ሆኖ ራስ የማይጨምቅ ማዳመጫ ስሙን ጽፋ አቅርባላችሁ ነበር። ኮሚቴው ግን፣ ቃለ ጉባኤው እንደሚለው፣ «ሳጥኑ አነስተኛ በመሆኑ ጥንካሬው ስላጠራጠረ» ባለ ትልቁን ሳጥን መረጠ። ፈተናውንም በስብሰባ አዳራሽ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ፣ ማዳመጫውን ከራስ ወደ ራስ እያቀባበላችሁ ፈጸማችሁ። «አምስቱም አባላት ምንም ዓይነት ጩኸት አለመስማታቸውን አረጋግጠዋል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ባዶ ክፍል ፈትሾ ሌባ አለመኖሩን ያረጋገጠ ዘበኛ ይሸለማል እንጂ አይጠየቅም። ማዳመጫው በየአባሉ ራስ ላይ የቆየው ሁለት ሁለት ደቂቃ ነው፤ በሳሌም ራስ ላይ ግን በቀን አራት ሰዓት ይቆያል። ለሁለት ደቂቃማ የጠበበ ጫማም ይመቻል።

፪. የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደጀኔ በወንበሩ፣ በጠረጴዛው፣ በመጸዳጃ ቤቱ ባልዲ ላይ ሳይቀር ቁጥር እንደሚጽፉ ሁሉ ማዳመጫውንም አልዘነጉትም። ሰፋ ያለ ቦታ ሲፈልጉ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ለስላሳ ትራስ አገኙና፣ በነጭ የዘይት ቀለም፣ በብሩሽ፣ የድርጅቱን ስምና አሥራ አንድ አኃዝ በሁለቱም ትራሶች ዙሪያ ጻፉበት። ቀለሙ ሲደርቅ ትራሱም አብሮ ደረቀ፤ ውሎ አድሮም ተሰነጠቀ። ይህን ዕቃ ከፍቼ አይቼዋለሁ። በውስጡ ያለችው ትንሽ ማይክ ጩኸቱን ሰምታ ተቃራኒውን ድምፅ እያወጣች የምታጠፋው፣ ትራሱ በጆሮ ዙሪያ ክፍተት ሳይተው የገጠመ እንደሆነ ብቻ ነው። አሁን በስንጥቁ የሞተሩ ጩኸት እንደ ልቡ ይገባል። ደርቆ የቀረው ትራስ ደግሞ የፀሐይ መነጽሯን ክንድ ከቆዳዋ ጋር እየጨፈለቀ ከጆሮዋ በላይ አቁስሏታል። ሕመሙ ሲብስባት የግራውን ከፍ ታደርገዋለች፤ ያኔ ጩኸቱ በሙሉ ይገባል፣ የአለበል ቃል ግማሹ ይቀራል።

አቶ ደጀኔን ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ጋሽ ክንዱ፣ እርስዎ ሬዲዮ ነው የሚያውቁት፤ ቁጥር የሌለው ንብረት ይጠፋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔንም ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያስጨነቀኝ ሳሌም ላይ ቁጥር አለመኖሩ ነው።

፫. ማዳመጫው በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። አዲስ ድንጋይ የሚሰጠው አሮጌው ማለቁ ተረጋግጦ፣ በሞዴል 22 የዕቃ ማውጫ ቅጽ ተፈርሞ ነው። ማለቁ የሚረጋገጠው ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስለ ወረቀቱ ማለቴ ነው።

፬. ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ስለሆነው ነገር ኮሚቴው ላሳየው ፈጣን እርምጃ ልዩ ምስጋና አለኝ። ወይዘሮ እታለም የተባሉ እናት ጌሾ ተሸክመው፣ ከአያቶቻቸው ጀምሮ በሚያውቁት የእግር መንገድ አራተኛውን ማሳ አቋርጠው ወደ ቡሬ ገበያ ይሄዱ ነበር። አለበል ከኩይሳው ላይ ሆኖ አያቸው። «ሳሌም፣ ሰው አለ! ወደ ላይ!» አለ። አውሮፕላኑ አልተነሳም። «ኧረ ወደ ላይ! እናት ናቸው!» አለ። አሁንም አልተነሳም። በሦስተኛው ሬዲዮውን ጥሎ እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። ሳሌም የተነሳችው የሴትዮዋን ነጠላ በዓይኗ ስላየች ነው፤ ያየችውም ሻሻቸው በነፋሱ ተገፎ ሊሄድ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ነው። ወይዘሮ እታለም በግንባራቸው ተደፍተው መድኃኒቱ ጀርባቸውን አጠባቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። «ሞቼ ነበር እኮ ልጄ፤ ጌሾው ሲሸተኝ ነው መኖሬን ያወቅሁት፤ በሰማይ ቤት ጌሾ የለማ!» ብለው አሳቁኝ።

ኮሚቴውም ጉዳዩን በጥሞና መርምሮ ለአለበል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ «በድርጅቱ ሬዲዮ ላይ ሥርዓት በጎደለው ሁኔታ በመጮህ»። በዚያ አውሮፕላን ዙሪያ ዝም እንዲል የታዘዘው ብቸኛው ድምፅ የአለበል መሆኑን ስሰማ፣ ጩኸት ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ኮሚቴው ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ተረዳሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ቀልጃለሁ፤ ቀልድ ልማዴ ነው፣ ሳሌምም በቀልዴ ነው ያደገችው። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ወደ ሱቄ ጎራ አለች። ጆሮዋ ውስጥ እንደ ንብ ያለ ነገር ማታም ጠዋትም እንደማይተዋት ነገረችኝ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዜና በስልኳ ስታነብ እኔ አንድ ሬዲዮ ከኋላዋ ከፍቼ ድምፁን ቀስ በቀስ ከታች ወደ ላይ አመጣሁት። የእኔ የስልሳ ሦስት ዓመት ጆሮ ገና ከመጀመሪያው ሰማው። እሷ አልሰማችም። ጨመርኩ። አልሰማችም። ከዚያ ሬዲዮውን አጥፍቼ በለሆሳስ ስሟን ጠራኋት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አልዞረችም።

ሻይ አስመጥቼ፣ ሰኞ እንድትቀር ለመንኋት። «ዋጉ ስብሰባ አይጠብቅም ጋሼ» አለችኝ። «ሰባተኛው ማሳ የድርጅቱ ብቻ መሰለዎት? የአርባ ገበሬ ስንዴ ከጎኑ አለ። ሰኞ ካልተረጨ በሳምንቱ እሱም አብሮ ነው የሚሄደው።» «ሽቦውስ?» አልኳት። «አለበል ይነግረኛል» አለች። አለበል ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚናገር ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ለኮሚቴ ማስተማርም አይገባኝም። ነገር ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሌላ ጊዜ ማዳመጫ የምትመርጡ ከሆነ ምርጫውን ሞተሩ በሚጮህበት አድርጉት። የሚያደርገው ሰው፣ የሚያደርገውን መነጽር አድርጎ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆየው። እንዳደረገው ይናገር፤ አገጩ ሲንቀሳቀስ ትራሱ ከቆዳው ተነጥሎ ጩኸት ያስገባ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙር፤ የሚንሸራተትም የሚጨምቅም አይሁን። ቀላሉ ከከባዱ ይበልጣል፤ አንገት በአራተኛው ሰዓት ሚዛን ነው። በመጨረሻም ድንጋዩን አውጥታችሁ፣ ያለ እሱም የሬዲዮው ቃል የሚሰማ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ሁሉ ሳሌም ጽፋላችሁ ነበር፤ ከእኔ ደብዳቤዎች ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ እንደሚገኝ እገምታለሁ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አስተማሪዋ ያንኑ የተሞከረውን ማዳመጫ በአውቶቡስ ልኮላታል፤ ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛዬ ላይ ነው። አዲስ ግዥ አያስፈልግም፣ ጨረታ አያስፈልግም። የጎደለው «የግል ንብረት በድርጅቱ አውሮፕላን ላይ መጠቀም ክልክል ነው» ከሚለው መመሪያ ለአንድ ጠዋት የሚፈታት የእርስዎ አንድ ፊርማ ነው። ነገ ቅዳሜ ቢሮ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት እንደሆነ አጣርቻለሁ፤ እኔም ከበሩ ላይ እገኛለሁ። ካልሆነም፣ ሰኞ ጠዋት አምስቱም አባላት ከአለበል ጎን ከኩይሳው ላይ እንድትቆሙ በአክብሮት እጋብዛለሁ። ጉሙ ሲገለጥ ምን እንደምናይ አብረን እናየዋለን።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በአዳራሽዎ ጸጥታ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ክንዱ አምላኩ
ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የሳሌም አጎት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከድርጅቱ የተላከ ሰው ሱቄ ሲገባ መልስ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ያመጣው ፎርም ነው። ሳሌም ስትቀጠር ዋስ የሆንኳት እኔ በመሆኔ፣ ማዳመጫው «ቢሰበር፣ ቢቃጠል ወይም ከአውሮፕላኑ ጋር ቢጠፋ» ዋሱ በምትኩ ተመሳሳይ ማዳመጫ እንደሚያስገባ እንድፈርም ይጠይቃል። ቀኑ አስቀድሞ ተሞልቶበታል፤ ሰኞ ይላል። ፎርሙን አገላብጬ አየሁት፤ በእሷ ምትክ ማን ምን እንደሚያስገባ የሚጠይቅ መስመር አጣሁበት። ተረስቶ ይሆናል። በጀርባው ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለ መስመሩን በእጄ አስምሬበት ከዚህ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ፤ ክቡርነትዎ ስምዎን ይጻፉበት።