እንቢ ብለው የጠበቁት አቶ ኦይታ ዳልጮ

አቶ ኦይታ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ዛላ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ ዋዳ በጨንቻ ደጋ፣ ዶኮ በተባለው ቦታ በ1914 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን የሚያውቅ አልተገኘም። እናታቸው «ገብስ ሲታጨድ ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ የጠየቃቸውም የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በኋላም ጨንቻ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። አማርኛቸው ስለተወደደላቸው በ1936 ዓ.ም. በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ተቀጠሩ። የጋሞውን ሰው ቃል ለዳኛው፣ የዳኛውን ቃል ለጋሞው ሰው ሲያደርሱ ኖሩ። አስተርጓሚ ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ባለጉዳዩን ደጅ ላይ ይዘው «እስቲ መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩት» እያሉ ይመልሱት ነበር። አንድ ዳኛ «አቶ ኦይታ፣ ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው» ብለው እንደቀለዱባቸው ይነገራል።

በ1938 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሻሺቱ አበጋዝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። እሳቸው ቃላቸው ቁጥብ፣ ወይዘሮ ሻሺቱ ደግሞ ምላሳቸው ስለት ነበር፤ እንዲህ ሆነው ተቻችለው ኖሩ። መሥሪያ ቤቱ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ አብረው ወረዱ። ቆላው አልተቀበላቸውም፤ የበኩር ልጃቸውን ማቴዎስን ወባ ወሰደባቸው። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሉሊት አድጋ ለአስተማሪነት በቃች። ይህን የምታነብላችሁን የእህታቸውን ልጅ ፀዳለንም እንደ ልጃቸው አሳድገዋል።

በ1969 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ አለሙ፤ የገበሬ ማኅበርም አባል ሆኑ። ዘመኑ «ወደፊት» እያለ ሲጮህ አቶ ኦይታ «ቆይ እስቲ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ወጣቶቹ «የድሮ ሰው» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «አዎ፣ ድሮ ነው የተወለድኩት» ብለው ያልፏቸዋል። ደገኛው ቤቱን አፍርሶ በአዲስ መንደር ይሰብሰብ በተባለ ጊዜ ግን አላለፉትም። በስብሰባ ላይ ተነሥተው «ከእንሰቱ የተለየ ቤት ሰው አያኖርም። የአባቶቻችንም መቃብር እዚያው ነው፤ ለማን ትተነው እንሄዳለን?» አሉ። ሰብሳቢዎቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ ማታ ማታ ግን በየቤቱ ሲያነሣቸው ከረመ።

በ1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ አቶ ኦይታን በዕጩነት አቀረበ። ዋናው ዕጩ የታወቀ ባለሥልጣን ነበር፤ ብቻውን እንዳይሆን ሌላ ሰው አስፈልጎ ነው የሚሉ አልጠፉም። ወይዘሮ ሻሺቱም «ለማሟያ ነው የጠሩህ፣ አትሞኝ» ብለዋቸዋል። አቶ ኦይታ ግን ነገሩን ከልባቸው ያዙት። ሸንጎ ገብተው ስለ ሰው ቤትና ስለ እንሰት ለመናገር ቆረጡ። ነጠላቸውን አሳጥበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ደጋ ወጡ።

ዕጩዎቹ ከሕዝቡ ጋር የተዋወቁት እዚያው አቶ ኦይታ በተወለዱበት አገር፣ ዱቡሻ ላይ ነው። ዱቡሻ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። በዚያ ሜዳ ሰው ሀላቃ ሆኖ አገሩን እንዲመራ ሲጠራ ወግ አለው። «እኔ አልበቃም» ይላል። ይለምኑታል፤ አሁንም እንቢ ይላል። ከዚያ ሽማግሎች ይነሡና ክንዱን ይዘው ግድ ይሉታል። በመጀመሪያው ጥሪ «እሺ፣ እኔን ምረጡኝ» ያለ ሰው ሆዳም ነው፤ ማን ያምነዋል?

ባለሥልጣኑ ከወረቀት ላይ ረጅም ንግግር አድርጎ «ምረጡኝ» አለና ተጨበጨበለት። አቶ ኦይታ ተጠሩ። ተነሡና «እኔ ለዚህ አልበቃም። ከእኔ የሚሻል ሞልቷል» ብለው ተቀመጡ። የመድረኩ መሪ ግራ ገብቶት «አልፈልግም እያሉ ነው?» ሲላቸው ዳግመኛ ተነሥተው «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሌላ ፈልጉ» አሉ። ከዚያ ቆመው ቀሩ።

ጠበቁ እኮ! አብረዋቸው ያደጉት፣ አብረዋቸው ስንቱን ያስታረቁት ሽማግሎች ከፊታቸው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ተነሥቶ ክንዳቸውን ቢይዝ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ያሰቡትን ሁሉ ሊናገሩ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ግን የተናገረውን ሁሉ ስም የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። ወግ የማያውቀው «ሰውየው አልፈልግም ብሏል» አለ፤ የሚያውቀውም አፉን ያዘ። መሪው «እንቀጥል» አለና ሌላ ጉዳይ ተነሣ። አቶ ኦይታ ያንን ቁልቁለት ብቻቸውን ወረዱ።

ስማቸው ግን ከዕጩነት አልተሰረዘም ነበር። ሰኔ 7 ቀን ሄደው ድምፃቸውን ለተቀናቃኛቸው ሰጥተው ተመለሱ! ሰው ራሱን አይመርጥም ብለው ነው። ወይዘሮ ሻሺቱ ይህን ሲሰሙ «የእኔ ጅል!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያም ውጭ ወጥተው «እኔ ኦይታን ነው የመረጥኩት! የሚያስር ይሰረኝ!» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ተናገሩ። ያሰራቸው የለም። ባለሥልጣኑ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ኦይታ ዱቡሻ አልወጡም። ማንንም አልወቀሱም፤ ዝም ብቻ አሉ። ሰዉ ደግሞ ዝምታቸውን ቂም አድርጎ አየው፤ ያፈረውም ራቃቸው። በ1980 ዓ.ም. ወይዘሮ ሻሺቱ ሲያርፉ ለቀብር የመጣው ሰው ከሠልስት በኋላ አልተመለሰም። ሉሊት ሥራዋ ምዕራብ ዓባያ ነው፤ ሲመቻት ትመጣለች። አቶ ኦይታ ሙዛቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ከደጋ የወረደ የሚያውቁት ሰው ባለፈ ቁጥር ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሡ ነበር። ሰውየው «እንደምን ዋሉ አባባ» ብሎ ይፈጥናል። እሳቸውም ተመልሰው ይቀመጣሉ። አንጀት ይበላል፤ ይህን ማየት አንጀት ይበላል።

ባለፈው ዓመት ደረታቸውን ታመሙ። በአርባ ምንጭ ሆስፒታልና በቤታቸው ሲታከሙ ቆዩ። ዘንድሮ ደገኛው አዲሱን መንደር እየተወ ወደየእንሰቱ ሲመለስ ወሬውን ሰምተው «ደግ፣ ደግ» አሉ። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን ግን ፀዳለን ጠርተው «ልጄ፣ ያን ጊዜ ምነው ሁሉም ዝም አለ?» አሏት። ከዚያ በፊት አንሥተውት አያውቁም። «ፈርተው ነው እንጂ፣ አባባ። ማን ነበር ያልፈራ?» አለቻቸው።

እሳቸውም «ፈርተው ነው? እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ኧረ ለመሆኑ አንድ ሰው ቢመጣ ምን ነበረበት?

አቶ ኦይታ ዳልጮ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ነሐሴ 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ልጃቸው መምህርት ሉሊት ኦይታ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና የእህታቸው ልጅ ፀዳለ ኀዘን ላይ ናቸው። እናንት የዶኮ ሽማግሎች፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳችሁ ግቢያቸውን ሞልታችሁታል። መንገዱን ሲያዩ የኖሩት እናንተን ነበር። ተነሥተው «ግቡ» ሊሏችሁ አልቻሉምና ቤተሰቡ በእሳቸው ፈንታ ግቡ ይላችኋል፤ ቤቱ አልተቀየማችሁም። አስከሬናቸውን ግን እናንተው ተሸከሙላቸው።

መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ሰው በማያጡበት በቅዱሳን ማኅበር ያሳርፍልን። አሜን።