ሌሊት የሚለቅሙት ወፎችና አራቱ መብራቶች

ለተከበሩ የመንገድ መብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት በእጅዎ ብሰጥዎ እንደ ልማድዎ ሳያነቡ እንዳይፈርሙበት ሰግቼ ነውና ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቅሬታ በተራ ቁጥር ካልሆነ አንቀበልም ስላሉኝም፣ እነሆ፦

፩. ዓምና መንገዳችን ጨለመ ብለን አንድ መብራት ብንለምን አራት ተከሉልን። ለቸርነትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። የስታዲየም የሚያህሉት አምፖሎችዎ የአካባቢውን የእሳት እራትና ክንፋም ምስጥ በሙሉ ጠሩ፤ እነዚያ ደግሞ ወፎቹን ጠሩ። ወፎቹም ቀን ለፍተው የሚያገኙትን መብል ሌሊት ተዘርግቶ ሲያገኙት መተኛቱን እርግፍ አድርገው ተዉት። እኩለ ሌሊት ላይ ይለቅማሉ፣ ይሻማሉ፣ ጎህ እንደ ቀደደ ሁሉ ይንጫጫሉ።

፪. አባቴ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። የሚቀሰቅስ ሰዓት ኖሯቸው አያውቅም፤ የመጀመሪያዋ ወፍ ስትጮህ ተነስተው ወደ ሥራ ይወጡ ነበር። ዛሬ የእኔን ስም ቢረሱም ይህችን ልማድ አልረሱም። አንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ወፎችዎ ሲንጫጩ ሰምተው የደንብ ልብሳቸውን ለበሱ፤ የማዕዘኑ ዘበኛ እንደነገረኝ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ "ረፈደብኝ፣ ረፈደብኝ" እያሉ አለፉ። እኔ ያገኘኋቸው፣ ሠራተኞችዎ ምሰሶ እንተክላለን ብለው ቆፍረው በተዉት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ "ተወኝ ልጄ፣ ተሳፋሪው እየጠበቀኝ ነው" አሉኝ፤ እኔ ሴቷ ልጃቸው ወንድሜን መስያቸው ነበር። ለዚህኛው ቁጥር የሚሆን የምስጋና ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ።

፫. ሰባት ጊዜ ተመላልሼ በስምንተኛው ቢሮዎ ስገባ፣ "እትዬ፣ እኔ የመብራት ኃላፊ እንጂ የወፍ ኃላፊ አይደለሁም" ብለው ሳቁ። ጸሐፊዎም አብረው ሳቁ። እኔም፣ አላፍርበትም፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ ስነሳ ግን የመብራት ማዛወሪያ ቅጽ ከበሩ ላይ ወስጄ ነበር። አራቱም መብራቶች ከእኛ መንገድ ተነስተው፣ ኩሬው ዳር ለብቻው ወደቆመው ቤት እንዲዛወሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አመለከትኩ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም፤ የቤት ቁጥርዎን እንኳ አጉልቼ ጽፌያለሁ። ዓርብ ከሰዓት፣ ኮትዎን ለብሰው በሚፈርሙበት ሰዓት፣ ከሚፈረሙት ወረቀቶች መሐል ገባ። ፈረሙ። ማኅተሙም ተመታ። ሠራተኞችዎ በታዛዥነታቸው የተመሰገኑ ናቸውና ማክሰኞ ተክለው ጨረሱ፤ ሁለቱን በመኝታ ቤትዎ መስኮት ትይዩ። ወፎቹም አድራሻ ለመቀየር ሦስት ቀን አልፈጀባቸውም።

ሰሞኑን ዓይንዎ ቀልቶ በየስብሰባው እንደሚያንቀላፉ ሰማሁ። የተዛወረ መብራት ዓመት ሳይሞላው እንዳይነቀል የሚከለክለውን መመሪያ ያወጡትም እርስዎ መሆንዎን ሰማሁ። እጅግ አስተዋይ መመሪያ ነው።

አባቴ አሁን እስኪነጋ ይተኛሉ። መራመድ ግን አልቻሉም። ስለዚህ ተካክሰናል ብዬ ክቡርነትዎን አላታልልም።

ከታላቅ አክብሮትና ከጠገበ እንቅልፍ ጋር፣
የአውቶቡስ ነጂው ልጅ፣ መጋረጃ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ትናንት ማንነቴን ሳያውቁ ሱቄ መጥተው ለመኝታ ቤቱ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አዘዙ። ደግ ሴት ስለሆኑ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ጨርቁ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ጫጫታውን ግን አይጋርድም። እሱም ይሁን አሉ። ወረፋ ስላለብኝ ከስምንት ወር በኋላ ይደርስልዎታል።