ሳህን ከለየሁ ወዲህ

ጥር 18፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡40፣ ሱቅ

ዛሬም በእግሬ። ከላንቻው ቤታችን እስከ ቡልጋሪያው ሱቅ። ታክሲ ተራው ጋ ረዳቱ ጠራኝ፤ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ላብ በላብ። መቀየሪያ ሸሚዝ በፌስታል ይዤ መምጣት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። ግርማ (አብሮኝ መለዋወጫ የሚሸጠው) በየቀኑ "ሯጩ መጣ" ይላል። አይሰለቸውም።

ቁርስ፦ አጃ፣ ያለ ስኳር። አጃ ያለ ስኳር የራሰ ካርቶን ነው፣ በቃ።

ቀበቶ፦ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ!

ስማ አጀንዳ፣ ጽሑፍ ወድጄ እንዳይመስልህ። ሐኪሟ የበላኸውን ጻፍ ስላለች ነው። ሌላ ሌላውን የምጨምረው አንተ ስለማትመልስልኝ ነው።

ማታ 12፡50፣ ቤት

ራት፦ ግማሽ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን። በነጩ ሳህኔ።

ሳህኑን የገዛሁት በገና ማግስት ነው። ሐኪሟ ስኳርህ ድንበሩ ላይ ነው፣ ገና አልተሻገረም አለች። ቀስ ብለህ ቀንስ፣ ተራመድ፣ በጊዜ ብላ፣ ከገበታህ ግማሹ አትክልት ይሁን። እሺ፣ ከትሪ ላይ ግማሹን በምን ልለካው? ትሪ ላይ የእኔ የት አልቆ የእማዬ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። እሷ ደግሞ በእኔ በኩል ባዶ ካየች አይሆንላትም፣ የራሷን ትገፋልኛለች። ስለዚህ ሳህን ለየሁ።

ያን ዕለት እማዬ ሳህኑን አገላብጣ አየችው። ድሮ ሳህን የሚለዩት ለበሽተኛ ነበር አለች።

አሁን ለምደናል። እኔ በጊዜ እበላና ሰፈር ልዞር እወጣለሁ። እሷ "በኋላ እበላለሁ" ትላለች። ተስማምተናል።

ጥር 20፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት

ጾም። ምሳ፦ ሽሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ከምሳ ዕቃ። ድሮ ከእነግርማ ጋር ምሳ ቤት አንድ ትሪ ነበር የምንከበው። አሁን ባንኮኒው ጀርባ የካንዴላ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ብቻዬን። ግርማ የኬጂ ልጅ አደረገኝ። ሲወጣ ደግሞ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አለኝ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ማታ

እግሬን ስታጠብ ጣቶቼን አንድ በአንድ አያለሁ። አባዬን ስኳሩ የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ነው። ጫማ ነካኝ ብሎ ነበር። ከዚያ እግሩ ሄደ። ከዚያ እሱ ራሱ። ድንበር ላይ ነህ የሚሉት ነገር ለሌላው ቃል ነው፣ ለእኔ የአባዬ ባዶ ካልሲ ነው። እፈራለሁ። ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተ ነው።

ጥር 22፣ ዓርብ። 9፡00

የኡራኤል ንግሥ። ከሱቅ አስፈቅጄ እማዬን ይዤ ሄድኩ። ነጭ ቀሚሷ ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ዚፑ ተበላሽቶ ይሆናል። እትዬ አልማዝን አገኘናት፣ የካዛንቺሷን ጎረቤታችንን። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የምትኖረው ከከተማ ዳር ነው፤ የሚገናኙት ለንግሥ ብቻ ሆኗል። ድሮ ግቢያችን ውስጥ እማዬ ምሳዋን የማን ቤት እንደምትበላ እሷም አታውቅ ነበር። የማን ወጥ ቀድሞ ከወረደ እዚያ።

እትዬ አልማዝ የእማዬን እጅ ያዘች፣ አንጓዋን በጣቶቿ ከበብ አድርጋ፣ ብዙ ቆየች። እኔ አጠገባቸው ሆዴን ስቤ ቆሜያለሁ። አሁን "ቀጠንክ" ትለኛለች ብዬ። ቀና ብላም አላየችኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ያን ሁሉ አስፋልት ፈጅቼ!

ጥር 24፣ እሑድ። ማታ

ዛሬ መጥፎ ቀን።

ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ካለፈው እሑድ ንቅንቅ አላለም። በሳምንቱ ምን አጠፋሁ ብዬ አንተን ገልጬ አየሁ፣ ምንም። ማታ ጎመኑ ቀረበ። ያብረቀርቃል። አሸተትኩት፣ ኮረሪማ። ቅቤ! ምስሩም ላይ፣ ሁሉም ላይ። እማዬን ጠየቅኳት። አልካደችም። ልጄ ዓይኔ እያየ ሲከሳ ዝም አልልም አለች፣ ሰፈሩ ምን ነካው እያለ ነው አለች። ለኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው እያለች ስትምል ከርማለች።

ጮህኩ። ለጤናዬ ነው፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ። እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ያኔ ያልኩትን አልኩ። አባዬንም እንዲሁ እያጎረስሽ ነው የገደልሽው አልኩ።

ሳህኑን አነሳች፣ አጠበችው፣ ደረደረችው።

ያልኩት እውነት አይደለም። አባዬ ሐኪም ቤት እንቢ ብሎ የሞተ ሰው ነው። ታውቃለች፣ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ወጣ ከአፌ?

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ነነዌ። ቅቤ የለም፣ እጇ ታስሯል። መደሰት ነበረብኝ። እሷ እስከ 11 ሰዓት ትጾማለች፤ ከዚያም "በኋላ"። ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አላነሳንም። እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ። መብራት ሄደ፣ መጣ። የአንድ ቤት ሁለት ተከራዮች መስለናል።

ጥር 29፣ ዓርብ

የምበላው አሁን እንደታዘዘው ነው። ጎመኑ ውሃ ውሃ ይላል። ጨው እንኳን ጠይቃ ነው የምትጨምረው፣ ይበቃሃል ወይ ብላ። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ያሸነፈ ሰው እንዲህ ይከፋዋል?

ሌላም ነገር። ሳህን ከለየሁም በኋላ ከወጥ ድስቱ ጋ እንደቆመች አንድ ጉርሻ ሳላስበው አፌ ውስጥ ታደርግ ነበር። እኔም እቆጣ ነበር። ከእሑድ ወዲህ የለም።

የካቲት 1፣ እሑድ። 5፡00

ደስ የሚል ነገር፣ በመጨረሻ! ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደክሟት ተቀመጠች። እኛ አራተኛ ነን። ትንሽ ጠበቅኳት፣ አልሆነም። ነይ ብዬ አዘልኳት። ሰው ያየኛል አውርደኝ አለች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ሳላርፍ አራተኛ ደረስኩ። አላለከለኩም! የዛሬ ሁለት ወር ባዶ እጄን ወጥቼ በሩ ላይ እንደ ሞተር የምነፋ ሰውዬ።

ይሠራል። እርምጃው ይሠራል። ግርማ ባየኝ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1፡15

ሱቅ ሳልሄድ ነው የምጽፈው።

ስኒከሬን ፍለጋ በረንዳ ወጣሁ። ከባልዲው ኋላ ጆንያ አለ። ከፈትኩት። ድርቆሽ። እስከ አፉ። ለማን ነው ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኳት። የተረፈ እንጀራ መጣል ነውር ነው፣ ለነዳያን ይሆናል አለች ከውስጥ።

የተረፈ? ከየት የተረፈ?

አንዱን አወጣሁ። ተጠቅልሎ የደረቀ ሙሉ እንጀራ፣ ጠርዙ ብቻ ትንሽ የተቆረሰ። ሌላውም እንዲሁ። ሌላውም።

እንጀራ የምገዛው እኔ ነኝ። እኔ ግማሽ መብላት ከጀመርኩ ወዲህም የምገዛው ያው የድሮው ነው፣ ያልቃልም። ማን ይጨርሰዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ናታ፣ ማን ይሆናል።

እኔ ዘወር ዘወር ብዬ ስመለስ ትሪው ታጥቦ አገኘዋለሁ። በልተሻል? በልቻለሁ። በቃ። ትሪ ላይ አብረን ብንሆን ኖሮ በአንድ ቀን አየው ነበር። ማን እንደቆረሰ ማን እንዳልቆረሰ ከትሪ የሚደበቅ ነገር የለም። የራሴን ጎመን ስለካ የእናቴን ጉርሻ ማየት ተውኩ።

የመርፌ ቁልፉ። እትዬ አልማዝ አንጓዋን ይዛ የቆየችው። ደረጃው። እግዚኦ፣ ደረጃው! ጉልበት አወጣሁ ብዬ እዚሁ ላይ ጽፌያለሁ። ጉልበቴ አልነበረም። እሷ ናት የቀለለችው።

የካቲት 5፣ ሐሙስ። ክሊኒክ ውለን ማታ

እማዬ ሚዛን ላይ አልወጣም ብላ አስቸገረች፤ በግ ነኝ እንዴ አለች። ነርሷ አባብላ አወጣቻት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ሐኪሟ ደም ወሰደች። ውጤቱ ማክሰኞ። እስካሁን ክፉ ነገር አላየሁም አለች፣ ግን "እስካሁን" የሚለው ቃል አብሮኝ ቤት መጣ። ከዚያ እማማ ለምን አይበሉም ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ለእኔ አንድም ቀን ያላለችውን ለዚያች ልጅ እግር ሐኪም አለቻት። ብቻዬን አይወርድልኝም አለች። ድሮ ጎረቤት ነበረኝ፣ ከዚያ ልጄ ነበረኝ አለች። "ነበረኝ"።

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። ወለሉን አየሁ። እማዬ ይህን አየችና ቶሎ ብላ ልጄ ጎበዝ ነው፣ ጤናውን ይጠብቃል፣ አባቱን ስኳር ነው የወሰደብን አለች። ስለ እሑዱ ቃሌ ትንፍሽ አላለችም። ምነው በተናገረች! ምነው በሐኪም ፊት ባዋረደችኝ!

የእኔም ስኳር ታየ። ትንሽ ወርዷል። ድንበሩ ላይ ነው ገና። አሁን ብተወው ይሻገራል። ሳህኑን ባስቀምጥ እኔ፣ ባላስቀምጥ እሷ። ምን ዓይነት ነገር ነው?

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሳህኔን ይዤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በላሁ፣ በእሷ ሰዓት። ሁለት ጊዜ ቆረሰች። ሦስተኛውን ጠቀለለችው፣ አሳምራ፣ እንደ ጉርሻ። እጇ ወደ እኔ ተነሳ። አየር ላይ ቆመ። ተመለሰና ትሪው ዳር አስቀመጠችው። ሳህኔ መሃላችን አጥር ሆኖ ተቀምጧል።

በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። የአርባ አራት ዓመት ሰውዬ።

የካቲት 8፣ እሑድ። 12፡20

ቅበላ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ግርማ ቁርጥ ይዘናል ና እያለ ሦስት ጊዜ ደወለ። ዛሬ ከእናቴ ጋር ነኝ አልኩት። አልቀለደም፣ ይገርምሃል። ሰላም በልልኝ አለ።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱን ተረከብኩ። ጮማ የሌለው ሥጋ፣ ትንሽ፣ ከብዙ ቃሪያና ሽንኩርት ጋር። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ካሮት እንዲህ አይቆረጥም፣ እሳቱ በዛ፣ ሰውዬ ጣትህን እያለች። ከተቆጣችኝ ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። እሰይ አልኩ በሆዴ።

ነጩን ሳህን ዳቦ ማቅረቢያ አደረግኩት። ትሪውን አወረድኩ። አንድ እንጀራ ዘርግቼ ግማሹን በአትክልት ሸፈንኩት፣ የትሪውን ግማሽ፣ የእኔንም የእሷንም። ሐኪሟ ግማሽ ነው ያለችው እንጂ ብቻህን አላለችም። እስከ ዛሬ እንዴት አልታየኝም?

የወሰንኩትን ልጻፍ፣ ምስክር ሁነኝ። በእግሬ ቡልጋሪያ መሄዴን አልተውም። ስኳሩን አልተወውም፣ የአባዬን ካልሲ አልረሳሁም። ግን ያ ጆንያ እስኪያልቅ ብቻዬን ራት አልበላም። በጾሙ ድርቆሹን በቲማቲም ፍርፍር እናደርገዋለን፣ ትንሽ ትንሽ፣ በእሷ ሰዓት። ራቱ ከመሸ እርምጃዬን ከራት በፊት አደርገዋለሁ። የማክሰኞው ውጤት ምንም ይሁን። ምንም አይሁን፣ አምላኬ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይቅርታ ማለት አልችልበትም። ሞክሬያለሁ፤ ደረጃው ላይ ሞከርኩ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ወሬ ጀመርኩ። ዛሬ ሌላ አስቤያለሁ። ትሪው ላይ ስንቀመጥ እጄን አልዘረጋም። አጉርሺኝ እላታለሁ። ቅቤ ነክራም ቢሆን። አንድ ያጣላል ካለችኝ ሁለተኛውንም እቀበላለሁ፣ ከዚያ እኔ አጎርሳታለሁ፣ ከዚያ እሷ

እየጠራችኝ ነው። ወጡ ቀዘቀዘ ትላለች፣ ምንድነው የምትጽፈው ትላለች። መጣሁ እማዬ፣ እጄን ልታጠብና