ሰው ከጎን ሲሣል

ሐምሌ 22፣ ከምሳ በኋላ
ዛሬም የሥዕሎቼን ፎቶ ማስተካከል። የጠረጴዛው ጥላ፣ የአውራ ጣቴ ጫፍ፣ የእማዬ ነጠላ ዘርፍ። ሁሉንም ቆርጬ አወጣሁ። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሦስት ሥዕል ድረ ገጼ ላይ ለመጫን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሄለን ናት የወተወተችኝ። ባሕር ዳር ሥዕል አብረን ተማርን፤ አሁን አዲስ አበባ የልጆች ካርቱን የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ናት። አንድ ክፍት ቦታ አለ፣ እስከ ነሐሴ 15 ፖርትፎሊዮሽን፣ የሥራ ስብስብሽን፣ አሳምረሽ ላኪ አለችኝ። አንቺ ደብተር፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አልከፋኝምም። አባባ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ነኝ። እጄ ይሠራል፣ እኔ የለሁም። በተዝካራቸው ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሳህን አነሣ ነበር።

ሐምሌ 25፣ ጠዋት
ሄለን ገጹን አየችው። ብርቱካኑንና እንስራውን ከገጹ አውጪ፣ የክፍል ሥራ ማንም አለው አለች። ከብዛቱ ጥቂት ጥሩ ይሻላል። ፎቶውን አቅልዪው፣ ገጹ እስኪከፈት ሰው ይሰለቻል። ሁሉንም እሺ።

ከዚያ ዋናውን ተናገረች። ለካርቱን አንድ ሰው ከፊትም ከጎንም ከኋላም መሣል አለበት፤ ያንቺ ሰዎች ግን ሁሉም እንደ መታወቂያ ፎቶ ያፈጣሉ፣ ጎን የላቸውም ወይ ብላ ሳቀች።

ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እውነቷን ነው። ከጎን የተሣለ አንድ ሰው የለም። ስንማር ሞዴሉ ሲቀመጥ ወንበሬን እየጎተትሁ ፊት ለፊቱ እሄድ ነበር። መምህሩ ይቆጣ ነበር። ለምን እንደማደርገው አስቤበት አላውቅም።

ሐምሌ 26
አሁን ገባኝ። አባባ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ብሩሽ ሲያስይዙኝ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ሰው ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ቅዱሳን ምእመኑን ፊት ለፊት ያያሉ። ይሁዳና ሰይጣን ዞር ይላሉ፣ ዓይናቸው ከሰው ዓይን እንዳይገጥም። እጄ ይህን ይዞ ኮሌጅ ገባ፣ ይህንኑ ይዞ ወጣ።

እማዬ ምስር ስትለቅም ከጎኗ ተቀምጬ ሞከርሁ። አፍንጫዋ መጣ፣ አገጯ መጣ። ከዚያ ሳላስበው ሁለተኛ ዓይን ጨመርሁላት። የሚያስጠላ ነገር ሆነ። ቀድጄ ጣልሁት።

ነሐሴ 1
ፍልሰታ ገባ። እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች።

ከጎን የሣልኋቸው ሰዎች አሉ ለካ! የሐሙሲትን ከተማ አልፎ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። የግርፋቱንና የስቅለቱን ሥዕል እዚሁ ቤት አቡጀዲ ላይ ሠርተን፣ አባባ ጠቅልለው ወስደው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ጌታንና እመቤታችንን እሳቸው ሣሉ። ገራፊዎቹን ወታደሮች ለእኔ ተዉልኝ። ክፉ ሰው መሣል አይወዱም ነበር፤ አንቺ ልጅ ነሽ አይቆጠርብሽም ብለው ቀለዱብኝ። እኔም ፖርትፎሊዮ ውስጥ ላስገባቸው አስቤ አላውቅም። ገራፊ ይዞ ሥራ የሚለምን ማን አለ?

ነሐሴ 4
መንገዱ ሰላም ነው ሲባል በሚኒባስ ሄድሁ። ከሐሙሲት ወዲያ በእግር፣ በጭቃ። ቅዳሴ እስኪወጣ ከዋርካው ሥር ጠበቅሁ። ቄሰ ገበዙ አባባን ያውቋቸዋል። ነፍሳቸውን ይማር ብለው፣ ፎቶ እንዳነሣ ፈቅደው፣ መጋረጃውን ራሳቸው ገለጡልኝ።

የወታደሮቼ ዓይን የለም። አንድም አልቀረ። በምስማር ነው፣ በጥፍር ነው፣ ተፍቆ ነጩ አቡጀዲ ወጥቷል። ቄሰ ገበዙ አፈሩ። «ምን ላድርግ ልጄ፤ ሴቶቹ ናቸው። ጌታችንን ሲገርፍ ዝም ብለን እንየው ወይ ይሉኛል።» የአባባ ሥዕል ላይ ጭረት የለም። የእመቤታችን እግር ብቻ ከመሳለሙ ብዛት ወይቧል።

መቆጣት ነበረብኝ። ወይ መሳቅ። ፎቶ አነሣሁና ተመለስሁ። ጫማዬ አሁንም አልደረቀም።

ነሐሴ 7
የወታደሮቹን ፎቶ ላክሁላት፤ ሄለን በድምፅ መልእክት ጮኸች። እስከ ዛሬ እነዚህን የት ደብቀሻቸው ነው፣ ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ እኮ አለች። መጀመሪያ ላይ አድርጊያቸው፤ ምእመናን ተናደው ዓይናቸውን እንደፋቁት በአጭሩ ጻፊበት። ጻፍሁ። ግን የልጆች ካርቱን በገራፊ ብቻ አይሞላም፣ አንድ ደግ ሰው ከጎን ጨምሪ አለች። አንድ ብቻ።

ነሐሴ 10
ጋሽ ሰይድን ሣልሁ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን። እንደሱ ያለ ደግ ሰው የለም፤ የአባባን መገነዣ ሰፍቶ ዋጋ አልቀበልም ያለ ነው። ከጎን ስሥለው ሌባ መሰለ። ሳሳየው የስፌት መኪናውን አቁሞ ሳቀ፤ ይህን ሰውዬ ሱቄ አላስገባውም አለኝ። እኔም ፈገግ ያልሁ ይመስለኛል።

እጄ ደግ ሰው ከጎን መሣል እንቢ አለኝ። ሥራው ያመልጠኛል። ይህንንም እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነው የምጽፈው።

ነሐሴ 12፣ ከሰዓት
ዝናብ። አንድ ነገር ሆነ።

አባባ ታመው ሲተኙ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር፤ ሌላው ጎናቸው ያማቸው ነበር። ክረምት ሲቃረብ እስኪያርፉ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ ያየሁት ያንኑ ነው። ጆሮ፣ ሰርን፣ ጢም፣ አንድ ዓይን። ወረቀት አነሣሁ፤ እጄ አልጠየቀኝም። ሲያልቅ አየኋቸው። እሳቸው ናቸው። ክፉ አልመሰሉም።

ከዚያ ፈራሁ። አባቴን ከይሁዳ ወገን ሣልኋቸው። ወረቀቱን ከላፕቶፑ ሥር ከተትሁት። እማዬ ካየች ምን ትላለች? እሷ ካልፈቀደች አልልከውም። ካልላክሁት ደግሞ ሌላ የምልከው የለኝም።

ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር
ልጆች ከማለዳ ጀምሮ ጅራፍ ያስጮሃሉ።

እማዬ ጠረጴዛውን ልትወለውል ላፕቶፑን አነሣች። ቆማ ብዙ አየችው። ምነው ደበቅሽው አለችኝ። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው አልኋት።

«ሁለተኛው ወዲያ በኩል ነው እንጂ፣ ጠፋ እንዴ? ግድግዳውን የሚያይበት አልነበር?» አለች። ቀጥላም፣ «ጆሮውን ግን አሳነስሽው። አባትሽ ጆሮ ነበረው።»

እዚያው አለቀስሁ። በተዝካሩ ዕለት ያልመጣው ሁሉ መጣ። የማነሣው ሳህን አልነበረም። እማዬ ወረቀቱ እንዳይርስ ከእጄ ወሰደችው፣ ከዚያ እሷም ተቀመጠች።

አመሻሽ ላይ
ጆሯቸውን አስተካክዬ ፎቶ አነሣሁ። ከገራፊዎቹ ኋላ አይሆንም፤ መጀመሪያ ላይ አደረግኋቸው። ገጹ ርእስ ሲጠይቀኝ «አባቴ፣ ከጎን» ብዬ ጻፍሁ። መጫኛው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ኔትወርክ ሄዷል። ሲመለስ ለሄለን እልካለሁ። ሥራውን ሰጡኝም ከለከሉኝም፣ ከገጹ አላወርዳቸውም። ደጅ ሆያ ሆዬ መጥቷል፣ እማዬ ሙልሙሉን አምጪ እያለች ነው። መጣሁ ብያታለሁ፣ ግን ዓይኔ ገና አልደረቀም።