እኩል ያልሆኑት ሁለት ጥቅሎች

ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 3፡00

የወፍጮ ሞተር ሽቦ እየጠቀለልኩ ነው። እጄ ቫርኒሽ በቫርኒሽ። ዝናቡ አላባራም። አንዲት ወጣት ደጄ ላይ ቆመች፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ጊታር ይዛ። ሰላም እባላለሁ፣ የማሞ ልጅ ነኝ፣ ከቴፒ ነው የመጣሁት አለችኝ።

ማሞ! እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

ልጅቷ ቤ/ክ ውስጥ ለመዘምራኑ ጊታር ትመታለች። ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ አለው፤ ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ንዝረቱን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልኩት። በአንገቱ በኩል ያለው ድምፁ ጠፍቷል። በአዲስ ይቀየር ብትለው አባቷ እምቢ አለ። ሚዛን ከተማ ውሰጂው፣ የሚያውቀው ሰው እዚያ ነው ብሎ ላካት። ስሜን ጠርቶ። ከስንት ዘመን በኋላ!

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ልጅቷ ወደ ቴፒ ተመለሰች። ጊታሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማሞ ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጧል።

ቴፒ። የቡናው እርሻ አዳራሽ። ቅዳሜ። ለቀማው ያደከመው ሰው ሁሉ ሲጨፍር። ማሞ ሊድ ጊታር፣ እኔ ቤዝ ጊታር እንመታለን። በሥራ ቀን ሁለታችንም ጋራዥ ነን፣ እሱ መካኒክ፣ እኔ ሞተር ጠቅላይ። ከአንድ ሣህን በልተናል።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ያኔ የዚሁ ጊታር የታችኛው ፒክአፕ ተቃጠለ። እኔ ጠቀለልኩት። ውስጡ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ እዝ የሚለውን የመብራት ድምፅ ተጋግዘው ያጠፉታል። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። ከአሮጌ ሬዲዮ ፈትቼ ነው ያገኘሁት። አንዱን ሞላሁ። ሁለተኛው ላይ አለቀብኝ። ጎደሎውን እንዳለ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ማሞ ሲመታው አዳራሹ ዞሮ አየው። ድምፁ ጠራ፣ ጫፉ ሾለ፣ በሥሩ ትንሽ እዝታ ቀረ። ምን አደረግኸው አለኝ። ምንም፣ ሁለቱም ጥቅሎች እኩል ናቸው አልኩ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ያንኑ መለስኩ። ከዚያ መጠየቁን ተወ። ቀስ በቀስ እኔንም ተወኝ። ሚዛን ገባሁ።

ጥቅምት 8

የአንገቱን ፒክአፕ ፈታሁ። ከፋብሪካው ወዲህ እጅ አልነካውም። አንዱ ጥቅል ደህና። የሌላው ሽቦ ጫፉ ብየዳው ላይ ተበጥሷል። በይጄ ሁለቱንም በቴስተር ለካሁ።

እኩል አይደሉም! ደግሜ ለካሁ። አይደሉም።

አዲስ አበባ ላለ አንድ ጊታር ጠጋኝ ደወልኩ። ሳቀብኝ። የድሮዎቹ እንዲያ ናቸው አለ። ዙር በትክክል የሚቆጥርላቸው አልነበረም፤ ሠራተኛዋ ሞላ ስትል ታቆማለች። አንዷ ታበዛለች፣ አንዷ ታሳንሳለች። የውስጡ ማግኔትም እጃቸው የገባው ነው፣ አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ፤ ዕድሜም ያደክመዋል። ጥቅሎቹን የሚያጸና ሰም ስላልፈሰሰባቸው ከእንጨቱ ጋር አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ከአንድ ጠረጴዛ የወጡ ሁለት ጊታሮች አንድ ቃና የላቸውም አለ።

ደስ አለኝ። የኔ ጥፋት የነሱም ነበር። ፉጨት ሁሉ ሞከርኩ።

ከምሳ በኋላ ደስታው ጠፋ። ፋብሪካው ማሞን ዓይኑን እያየ እኩል ናቸው አላለውም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጥቅሎቹን እንዳሉ ተውኳቸው። አንዲት ዙር አልጨመርኩም። ልጅቷ ልምጣ ወይ ብላ ደወለች። እኔው አመጣዋለሁ አልኳት።

ጥቅምት 11፣ ቴፒ፣ 5፡00

በሚኒባስ መጣሁ። ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርጌ። ማሞ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሸብቷል። ጉልበቱን ያመዋል። ሊነሳ ሲሞክር ከለከልኩት፣ ጎንበስ ብዬ ተሳሳምን። ሰላም ማጉያውን አወጣች። ማሞ ጊታሩን ተቀብሎ የአንገቱን መታ። ከዚያ የታችኛውን። ዓይኑን ጨፈነ። ቅዳሜው ሁሉ ተመለሰብኝ።

ሳይጨርስ ነገርኩት። "ሁለተኛው ጥቅል ያንሳል፣ ማሞ። ሽቦ አለቀብኝ። ዋሸሁህ።"

ክሮቹን በመዳፉ ያዛቸው። "ያን ቅዳሜ ነው ያወቅኩት። ድምፁንማ ወደድኩት። አንተ ግን እንደ ደንቆሮ ቆጠርከኝ።"

ይቅር በለኝ አልኩት። ሰላምን ጠርቶ ሌላ ወንበር አስመጣ። ከራሱ አጠገብ አስደረገው።

ወደ ሚዛን የሚመለሰው የመጨረሻው ሚኒባስ 9 ሰዓት ላይ ይወጣል። አልሄድበትም።