ለቅሶ ሳንደርስ

ሰኞ

በሩን ዘጉብን። በቁጣ አይደለም፤ ቀስ አድርገው ነው። ያ ይብሳል።

ቦሌ አራብሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ማርታ ከፖርቱጋል የመጣች በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ጡረታ እስክትወጣ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች። እኔ በነጻ አስተረጉምላታለሁ፤ ልብ ወለዴ አልሄድ ስላለኝም ጭምር። የምታገለግልበት ማኅበር ወላጅ ያጡ ልጆች ከዘመድ ሳይለዩ እንዲያድጉ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ይሸፍናል። የወይዘሮ ጫልቱ እህት ከፋሲካ በኋላ ሞታ ሁለት ሴት ልጆች ትታለች፤ ሲፈንና ሌንሳ። አባታቸው ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ወይዘሮ ጫልቱ ሁለቱንም ማኖር ከብዷቸዋል። ቅዳሜ ወንድማቸው ከአርሲ መጥተው ትልቋን፣ ሲፈንን፣ ሊወስዷት ነው።

ማርታ ገና ከመግባታችን ፊኛ መንፋት ጀመረች። ቀይ፣ ቢጫ። ትንሿ ሌንሳ ሳቀች። ከእናቷ ፎቶ ስር ቆማ። ወይዘሮ ጫልቱ ማርታን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«እሷስ አታውቅ፤ አንቺስ? የእህቴ መንፈቅ እንኳ አልደረሰም። እኔ ቤት ሠርግ አለ ብሎ ማን ነገረሽ?»

ስለ እርዳታው ሳንናገር ወጣን።

ማክሰኞ

ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ካፌ። ማርታ ማኪያቶዋን አልነካችም።

«እዚህ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ይገባል፣ ይቀመጣል። ብዙ አይወራም። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይባላል። ርቆ የቆየ ሰው ወራት ቆይቶም ቢመጣ መጀመሪያ ለቅሶ ይደርሳል፤ ሌላው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው።

«ታዲያ እኛ ለቅሶ አልደረስንም።»

አልደረስንም። እያወቅኩ እንዴት ረሳሁት? የቢሮ ጉዳይ እንዳለው ሰው ዘው ብዬ ገባሁ። ለቅሶው አልፏል ብዬ ነበር። ለማን ነው ያለፈው?

ረቡዕ

ሾላ ገበያ። ለማርታ ነጠላ ልንገዛ። ሻጯ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አየቻትና ሳቀች።

«ለጥምቀት ነው?»

«ለለቅሶ» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት! ፈረንጅም ለቅሶ ትደርሳለች? በይ ይሄን ቀዩን ጥለት ተይው። ለእማማ ፈረንጅ ጥቁሩን ውሰጂላት።»

እማማ ፈረንጅ እስከ ታክሲው ድረስ ሳቀች። እኔ ፈርቻለሁ። ለለቅሶ ሳይሆን ለእርዳታው ሲሉ ነው የመጡት ቢሉንስ? ደግሞ እርዳታውም አለበት፤ አልክደውም። ቅዳሜም ቀረበ።

ሐሙስ

በሩ ተከፈተ!

እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ አንድ እሽግ ውሃ ይዘናል። ማርታ ነጠላዋን ለቤተ ክርስቲያን እንደሚለበሰው መስቀለኛ ለብሳዋለች። ጎረቤታቸው እማማ አስካለ ከኋላችን ገቡና «እንዲህ አይደለም፣ የኔ ልጅ» ብለው ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙረው አለበሷት። ያቺ ትልቅ ሴት እጆቿን ዘርግታ እንደ ሕፃን ቆመች። ወይዘሮ ጫልቱ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሳቁና አለቀሱ።

ተቀመጥን። ማርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እንዴት ያለች ሴት ነበረች? ወይዘሮ ጫልቱ ከሰዓቱን ሙሉ አወሩ። ሳቋ ምድር ቤት ሱቁ ድረስ ይሰማ ነበር። ወጥ መሥራት ጨርሶ አታውቅም ነበር።

«ፓስታ ግን ትችላለች» አለች ሲፈን። ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው።

ስለ እርዳታው ትንፍሽ አላልንም። ስንወጣ ወይዘሮ ጫልቱ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ለምን እንደመጣችሁ የጠፋኝ መሰለሽ? ማኅበራችሁን ሰፈሩ ያውቀዋል። ቅዳሜ ኑና ስለ እርዳታው ለወንድሜ ንገሩት። እኔ ብነግረው አይሰማኝም።»

ዓርብ

ሥራ የለም። መጻፍም የለም። ወንድማቸው እምቢ ቢሉስ? ሲፈን አርሲ ሄዳ የአጎቷን ልጆች ስታዝል ታየኝ። ምናልባት እዚያ ይሻላት ይሆን? እኔ ምን አውቃለሁ?

ለማንኛውም፦ እማማ አስካለ ይኑሩልኝ። የሾላዋም ሻጭ። በሩም ቀስ ብሎ ስለተዘጋ ተመስገን፤ በጩኸት ቢሆን ኖሮ አልመለስም ነበር።

ቅዳሜ

የአርሲው ወንድም፣ አቶ ደጀኔ፣ ግማሽ ጆንያ ገብስ ይዘው ቀድመውናል። የሲፈን ልብስ በፌስታል ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ማርታ ከሁሉ በፊት እጃቸውን ይዛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻቸው፤ በአማርኛ፣ እየተሰባበረባት። የሞተችው የእርሳቸውም እህት ናት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ከዚያ ስለ እርዳታው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፈረንጅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲቆምስ?»

ማርታ አላድበሰበሰችም። የሁለት ዓመቱ ተይዟል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል መግባት አልችልም አለች። ይህን ሳስተረጉም ላለሰልሰው ምላሴን በላኝ። አላለሰለስኩትም።

አቶ ደጀኔ እህታቸውን አዩ። «ቢያንስ አትዋሽም» አሉ። ከዚያ ሌንሳን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ሁለቱም እዚሁ ይሁኑ። ገብሱ ከእኔ። ሲቆም ያኔ እንነጋገራለን» አሉ።

ወይዘሮ ጫልቱ ተነስተው ኩሽና ገቡ። ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ። ሳይዘጋ ብዙ ቆየ።

ሲፈን ፌስታሉን ፈታች። ልብሷን አንድ በአንድ አውጥታ ከሌንሳ ልብስ ጎን አስቀመጠች። ባዶውን ፌስታል ግን አልጣለችውም። አጣጥፋ ፍራሹ ስር አደረገችው።

አይቻታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ዓመት ለልጅ ስንት ነው? ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ።